ሮበርት እንበለው ወይስ ናፒየር?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ መቅደላ ጦርነት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የእንግሊዙን ጦር አዛዥ ስም «ናፒየር»፣ «ናፔር» እና «ኔፒር» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። «ሰር ናፒየር» እና «ሎርድ ናፒየር» የሚሉም አሉ። አንድ ባልደረባዬ «ናፒየር የአባቱ ስም ስለሆነ መባል ያለበት ሮበርት ነው» ብሎ ሞገተኝ። ተማሪዎቼ ደግሞ ሎጋሪዝምን የፈጠረው ናፒየርና ይኼኛው አንድ ሰው መስሏቸዋል። የትኛውን ልጻፍ? እነዚህን ሁሉ ናፒየሮችስ በአማርኛ እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ሙግት ልነሣ። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ናፒየር የአባቱ ስም አይደለም። የአባቱ ስም ቻርልስ ፍሬድሪክ ነው። ናፒየር የቤተሰብ ስም ነው። «ታዲያ ምን ለያቸው?» ይሉኝ ይሆናል። በጣም ይለያያሉ።

በእኛ ወግ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው አንድ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ወላጅ አባት። ካሳ ኃይሉ ካልን፣ ኃይሉ የሚባል ሰው ካሳን ወልዷል። ሮበርት ናፒየር ስንል ግን ናፒየር የሚባል ሰው ሮበርትን ወለደ ማለታችን አይደለም። ስሙ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ሰውየው ጎንደር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ «ሮበርት ቻርልስ» ይባል ነበር፤ ልጁም «እገሌ ሮበርት»። ናፒየር የሚለው ስም እዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር።

ስለዚህ «በራሱ ስም እንጥራው» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ሰው ልክ ነው፤ ለእሱ ግን አይሠራም። አንድ ዓረፍተ ነገር እንይ። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ናፒየር ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ትግራይ ውስጥ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ከኋለኛው አጼ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተገናኝቷል። ይህን ሲጽፉ «ካሳና ናፒየር ተገናኙ» ይበሉ። አንዱ በራሱ ስም፣ ሌላው በቤተሰቡ ስም። ላይ ላዩን ሲያዩት ሚዛኑን የሳተ ይመስላል፤ ግን ትክክሉ ይኼ ነው። «ምርጫና ናፒየር ተገናኙ» ቢሉ ስብሰባውን ለአባትየው ሰጡት ማለት ነው። «ካሳና ሮበርት ተገናኙ» ቢሉ ደግሞ አንባቢው «የቱ ሮበርት?» ይላል። መጀመሪያ ሲጠሩት ሙሉ ስሙን ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ናፒየር ይበሉ።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ነገሩን በገዛ ራሳቸው ላይ ያውቁታል። ቢሮ ሄደው «ሚስተር ተስፋዬ!» ተብለው ሲጠሩ፣ አባቴ ደግሞ መቼ መጣ ብለው ዘወር የሚሉ አሉ።

ስሙ ራሱ ሲጀመር የሥራ ስም ነበር። በድሮው ፈረንሳይኛ «ናፕ» ማለት የገበታ ጨርቅ ነው። በቤተ መንግሥት ያንን ጨርቅ የሚይዝና የሚያነጥፍ ሰው በሥራው ተጠራ፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። የስኮትላንድ ናፒየሮች ሲያወሩ የኖሩት ግን ሌላ ነው። አንድ ቅድመ አያታቸው ጦር ሜዳ ላይ ጉድ ሠራ፤ ንጉሡም «አቻ የለውም» አሉ፤ በእነሱ አነጋገር «ናፒር»። ስሙም ከዚያ ወጣ ይባላል። ቆንጆ ወሬ ነው። እኔ ግን የጨርቁን ነው የማምነው። እንዲህ ያለው የጀግንነት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ከኖረ በኋላ የሚለበጥለት ነው።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ የቤተ መንግሥት ሥራ ሞልቶ ነበር። በጅሮንድ አለ፣ አጋፋሪ አለ፣ አዛዥ አለ፣ ሊቀ መኳስ አለ። ነገር ግን የእኛዎቹ ከስም ፊት ነው የሚቆሙት። ባለቤቱ ሲሻር ወይም ሲሞት ያበቃላቸዋል። የበጅሮንድ ልጅ በጅሮንድ ሆኖ አይወለድም። እነሱ ጋ ግን ሥራው ከስም ኋላ ሄዶ ተለጠፈ፤ ልጅም ወረሰው። ይኸው ጨርቅ አንጥፎ የማያውቅ ጄኔራልም ተጠራበት።

አሁን ወደ አጻጻፉ። በእንግሊዝኛ አፍ ሲነገር ወደ «ኔፒየር» ይጠጋል። ቢሆንም «ናፒየር» በአማርኛ ሥር ሰዷል፤ አይንኩት። የባለቤቶቹን አነጋገር እየተከተልን ስም ሁሉ እንቀይር ካልን ለንደንም «ላንደን» ልትሆን ነው። «ናፔር»ንና «ኔፒር»ን ግን ይተዉአቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በ«ጲ» እንዳይጽፉት። ጰ የጴጥሮስና የጳውሎስ ነው። ጥንት በግዕዝ በኩል ከግሪክ በገቡ ስሞች ላይ ነው የምናገኘው። ዘግይተው ከአውሮፓ የመጡት፣ ፖሊስም ፓርላማም ፖስታም፣ በፐ ይጻፋሉ። ናፒየርም የእነሱ ጎራ ነው።

«ሰር ናፒየር» የሚለውን ግን ከጽሑፍዎ ያውጡት። «ሰር» ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው። «ሰር ሮበርት ናፒየር» ይባላል፤ ሲያጥር «ሰር ሮበርት»። እኛ «አቶ»ንም «ዶክተር»ንም ከራስ ስም ጋር ስለምናስኬድ ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር። ነገር ግን «ሚስተር» እና «ጄኔራል» ከቤተሰብ ስም ጋር ሲሄዱ ስለለመድን «ሰር»ንም አብረን ጎተትነው።

«ሎርድ» ደግሞ የጊዜ ጉዳይ አለበት። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ናፒየር ሎርድ የተባለው ከዘመቻው በኋላ፣ በዚያው በ1868 ነው። ስለዚህ ጦሩ ከመርከብ ስለወረደባት የቀይ ባሕር ጠረፍ ሲጽፉ «ሎርድ ናፒየር ዙላ ወረደ» ቢሉ ሹመቱን አስቀድመው ሰጡት ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለ። በዚያው ዘመን ሌላ ሎርድ ናፒየር ነበር። ፍራንሲስ ይባላል፤ ከ1866 እስከ 1872 ህንድ ውስጥ የማድራስ ገዥ ነበር። ሮበርትም ዕድሜውን ህንድ ያሳለፈ ወታደር ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱም የህንድ ተጠባባቂ እንደራሴ ሆነዋል፤ ሮበርት በ1863 ለአጭር ጊዜ፣ ፍራንሲስ በ1872። እንግዲህ «ሎርድ ናፒየር» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን እንደሚል እንዴት ይታወቅ?

እንግሊዞቹ ለሮበርት በሰጡት ማዕረግ ላይ መቅደላን ጨመሩበት፤ «የመቅደላ ባሮን ናፒየር» ተባለ። ለድሉ መታሰቢያ ነው፤ ከሌላው ሎርድ ለመለየትም ጠቅሟል። እኛ ግን ይህን ቀጥታ ገልብጠን «የመቅደላው ናፒየር» ስንል ለጆሮ ይጎረብጣል። በአማርኛ «የመቅደላው» ለቴዎድሮስ ያደረ ቃል ነው። «የመቅደላው ጀግና» ቢባል ናፒየር ትዝ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን «መቅደላን የወጋው ናፒየር» እላለሁ። ማን ምን እንዳደረገ ግሱ ይናገር። ከዚያ ውጪ «ጄኔራል ናፒየር» ይበሉና ይገላገሉ።

ሌሎቹን ናፒየሮች ለመለየት አማርኛ አንድ ግሩም ቃል አለው፤ ሞክሼ። ሞክሼ የሚባሉት በራስ ስም የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። በቤተሰብ ስም ብቻ የሚገናኙትን ሞክሼ አንላቸውም። ስለዚህ ጄኔራል ሮበርትና ሎርድ ፍራንሲስ ሞክሼ አይደሉም። የጄኔራሉ እውነተኛ ሞክሼ በ1791 ስኮትላንድ ውስጥ ዳምባርተን የተወለደው መሐንዲስ ሮበርት ናፒየር ነው። በክላይድ ወንዝ ዳር የመርከብ ሥራ አባት የሚሉት እሱን ነው። የኩናርድ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ሞተር ከእሱ ፋብሪካ ወጣ። ሁለቱ ሮበርቶች በአንድ ዘመን ኖረዋል። አንዱን «ጄኔራሉ»፣ ሌላውን «መርከብ ሠሪው» ብሎ መለየት ይበቃል።

ከሁሉም የሚያዝናኑኝ ግን ሁለቱ ቻርልሶች ናቸው። አንደኛው ቻርልስ ጄምስ ናፒየር ነው፤ በ1843 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለውን ሲንድን የያዘ ጄኔራል። ሐውልቱ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ቆሟል። በኒውዚላንድ ያለችው ናፒየር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው፤ በ1931 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና የተሠራችው። ሁለተኛው ቻርልስ አድሚራል ነው። በ1854 ከሩሲያ ጋር ጦርነት ሲሆን ወደ ባልቲክ ባሕር የሄደውን የእንግሊዝ መርከብ ጦር መርቷል። ሁለቱ ሞክሼም ናቸው፣ የአጎት ልጆችም ናቸው። የጄኔራሉ አባት ጆርጅ፣ የአድሚራሉ አባት ደግሞ ራሱ ቻርልስ። በእኛ አሰያየም አንዱ «ቻርልስ ጆርጅ»፣ ሌላው «ቻርልስ ቻርልስ» ይሆኑ ነበር፤ ማንም አያምታታቸውም።

አያታቸው ጋ ስንደርስ ነገሩ ይጥማል። አያትየው ፍራንሲስ ይባላል። ሲወለድ ናፒየር አልነበረም፤ ስኮት ነበር። በእናቱ በኩል የናፒየርን ሎርድነት ወረሰና ስሙንም አብሮ ቀየረ። «ፍራንሲስ ስኮት» አድሮ «ፍራንሲስ ናፒየር» ሆነ። እንግዲህ ሁለቱ ታላላቅ የጦር ሰዎች በአባት መስመር ቢቆጠሩ ስኮቶች ናቸው። የቤተሰብ ስም የዘር ሐረግን የሚነግረን እየመሰለን ስንት ጊዜ ተሸውደናል! «ናፒየር ስለሆነ የናፒየር ዘር ነው» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ይህን ያስቡ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ «እነ ናፒየር» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። «እነ» ማለት ሰውየውና አብረውት ያሉት ማለት ነው። «እነ ናፒየር 44 ዝሆን ይዘው ከዙላ ወደ መቅደላ ዘመቱ» ቢሉ ያምራል፤ ጄኔራሉና 13 ሺህ ያህል ሠራዊቱ ማለት ነው። የሎጋሪዝሙን ሰውና የመርከቡን ሰው በ«እነ» አንድ ላይ ቢያስሩ ግን አብረው የዘመቱ ያስመስላል። በዚህ ጊዜ «ናፒየሮች» ወይም «ናፒየር የሚባሉ ሰዎች» ነው የሚባለው።

የተማሪዎችዎ ነገር ቀላል ነው። የሂሳቡ ሰው ጆን ናፒየር በ1550 ኤድንብራ አጠገብ መርቺስተን በሚባል ግንብ ተወለደ፤ በ1617 ሞተ። ሎጋሪዝምን ያሳወቀው በ1614 ነው። ጄኔራል ሮበርት ሲወለድ እሱ ከሞተ 193 ዓመት ሆኖታል። ግንቡ ዛሬም አለ፤ በስሙ የተጠራው የኤድንብራ ናፒየር ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሃል ቆሟል። በእሱ ዘመን ስሙ ወጥ አጻጻፍ አልነበረውም። አንዱ ሲጽፈው «ኔፔር»፣ ሌላው «ናፔር» ያደርገው ነበር። በላቲን «ኔፔሩስ» ተብሏል። በፊዚክስና በኤሌክትሪክ ትምህርት «ኔፐር» የሚባለው መለኪያ ከዚያ የመጣ ነው። እሱን ወደ «ናፒየር» አያርሙት፤ መለኪያው እንደዚያው ይቅር። ለማባዣ የሠራቸውን ቁጥር የተጻፈባቸው ዘንጎች ደግሞ እንግሊዝኛው «አጥንቶች» ይላቸዋል። «የናፒየር አጥንቶች» ተብለው ከተተረጎሙ ተማሪው ሙዚየም የገባ አፅም ነው የሚመስለው። «የናፒየር ዘንጎች» ይበሉ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። «አንቱታ» ላይ ይጠንቀቁ። የመቅደላን ታሪክ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ንጉሡን በአንቱታ፣ ጄኔራሉን በ«እሱ» እንጠራለን። «አጼ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ ናፒየር መቅደላን አቃጥሎ ተመለሰ።» ይህ አድልዎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ቅር አይለኝም፤ አማርኛ ለራሱ ንጉሥ መቀመጫ ቢለቅ ምን አለበት? ሁለቱንም በ«እሱ» የሚጽፉ የታሪክ ሰዎችም አሉ፤ እሱም ያስኬዳል። ናፒየር ላይኛው አንቀጽ ላይ «ደረሱ»፣ ታችኛው ላይ «ሄደ» እንዳይሆን ግን ከወዲሁ ለመጽሔቱ አራሚ ይንገሩት።