ጌሙ ከቀረ 80 ዶላሩስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ በኮምፒውተር ብቻ የነበረ አንድ ጌም ኒንቴንዶ ስዊች ለሚባለው የጌም መጫወቻ መሣሪያ ሊወጣ ነው ብሎ ለመነኝ። ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ 80 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቀድሜ አዘዝኩለት። ስዊቹንም የገዛሁት ለዚሁ ብዬ ነው። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፋ፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል ተባለ። ሱቁ በገንዘቡ ፋንታ ጊፍት ካርድ ልስጥዎት ይለኛል። የጌሙን ኩባንያ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ኩባንያውን ለጊዜው ይተዉት። ገንዘብዎ ያለው ሱቁ ጋ ነው፤ የተዋዋሉትም ከሱቁ ጋር ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፖስታ፣ በስልክና በኢንተርኔት ለሚሸጥ ዕቃ ያወጣው ደንብ አለ። ሻጩ በተናገረው ቀን መላክ አለበት፤ ቀን ካልተናገረ በ30 ቀን ውስጥ። መዘግየቱን ካወቀ ለገዢው ያሳውቃል፣ ገዢውም ትእዛዙን ሰርዞ ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ጨርሶ እንደማይመጣ ካወቀማ ራሱ ሰርዞ ይመልሳል እንጂ እርስዎ ደጅ አይጠኑም። በባንክ ክሬዲት ካርድ ለከፈለ ሰው የመመለሻው ጊዜ 7 የሥራ ቀን ነው። ጊፍት ካርድ ደግሞ እንደ ተመላሽ አይቆጠርም። ስለዚህ አይቀበሉ። «ይሁን» ብለው ከተቀበሉ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ለሱቁ በኢሜይል ይጻፉ፤ በስልክ የተባለን ነገር በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። እምቢ ካለ ወደ ካርድዎ ባንክ ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በክሬዲት ካርድ ሕጉ መሠረት አቤቱታው በጽሑፍ የሚቀርበው ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ቢል በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ቀድሞ ላዘዘ ሰው ይህ ቀን ጌሙ ሳይቀር ገና ያልፋል። ግን ተስፋ አይቁረጡ። እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት የካርድ ድርጅቶች የራሳቸው ደንብ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ነው። ባንኩን «ዕቃው አልደረሰኝም» በሚል ይጠይቁት።

አሁን ወደ ኩባንያው። እኔ ለጌም ባዳ ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የፖላንዱ የጌም ኩባንያ ሲዲ ፕሮጀክት «ዊቸር» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌሙን ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ለሚባሉት መጫወቻዎች አመጣለሁ አለ። ሥራውን የሰጠው ዋይድስክሪን ጌምስ ለሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ነበር። በ2009 ሥራው ቆመ። አንዱ ክፍያ ዘገየብኝ ሲል ሌላው ሥራው በጊዜው አልደረሰልኝም አለ። ጠቡ የሁለቱ ተዋዋዮች ነበር፤ የሚጠብቀው ተጫዋች በውሉ ውስጥ የለም። «አመጣለሁ» ብሎ ማስታወቅ ብቻውን ከእርስዎ ጋር ውል አይሆንም።

የሚለየው አምነው ከከፈሉና ዕቃውን ከተረከቡ በኋላ ነው። የ«ስታር ዋርስ» ጌም የሆነው «ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2» በ2022 ለስዊች ሲወጣ ተጨማሪ ክፍል ይመጣል ተብሎ ነበር። በ2023 ያ ክፍል ቀረ። ለዚህ ተስፋ ብለን ነው የገዛነው የሚሉ ገዢዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረቱ። የእርስዎ ግን 80 ዶላሩ ከተመለሰ የሚጠይቁት ጉዳት አይኖርም።

ስዊቹ? እሱን ይርሱት። ሌላ መቶ ጌም ይጫወትበታል፤ ልጅዎም የሚቃወም አይመስለኝም።

ባንኩም ካልረዳዎት ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ያመልክቱ። እስከ 5,000 ዶላር የሚያየው የአነስተኛ ክሶች ችሎትም አለ፣ ግን ለ80 ዶላር እዚያ ይደርሳል ብዬ አላስብም። ዛሬውኑ የትእዛዙን ገጽ ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ሱቆች ገጹን ቶሎ ያጠፉታል።