ሪሌው ጠቅ ይላል፣ ባውዛው ግን አይበራም
ወንድሜ፣ መኪናህ ላይ የጨመርከው ባውዛ ሪሌው (በማብሪያህ ታዝዞ ለባውዛው ኃይል የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ጠቅ እያለ አልበራ ካለህ፣ አዲስ ሪሌ ለመግዛት አትቸኩል። ጠቅ ካለ፣ 85 እና 86 የሚል ቁጥር ባላቸው የሪሌው እግሮች መካከል ያለው ኮይል (መገናኛውን የሚስበው ጥቅል ሽቦ) እየሠራ ነው። ጣጣው ያለው ከ30 (ከባትሪ ኃይል የሚገባበት እግር) ወደ 87 (ወደ ባውዛው የሚወጣበት እግር) በሚያልፈው መስመር ነው፤ ወይ ደግሞ የባውዛው ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ገመድ) ላልቷል።

መጀመሪያ 30 ላይ 12 ቮልት መድረሱን እይ። ካልደረሰ ፊውዙን ፈትሽ። ከደረሰ ማብሪያውን አብርተህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ሁለት ጫፎች 30 እና 87 ላይ አድርግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ የውስጡ መገናኛ ተቃጥሏል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሪሌው ጤነኛ ነው፤ ወደ ማሳው ሂድ።

ሪሌው የሚሰካበትን ሶኬትም ነቅለህ እየው። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል 17 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የላላ ሶኬት በዚህ ይቀልጣል። እኔ ሦስት ሪሌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ! ሪሌውን ስትመልሰው እግሮቹን ወደ ታች አዙረህ እሰረው፣ ውሃ እንዳይቋጥር።