መምህር፣ ተረት ውሸት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት ተሰብስበን የምንወደውን መጽሐፍ እያነበብን እንወያያለን። አሁን የያዝነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ባለፈው አንድ የምናከብራቸው አባት «ልብ ወለድ ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ ውሸት ነው፤ ጳውሎስም ከተረት ራቅ ብሏል» አሉን። ይሄን አያቴ ሰማችና ለልጆቹ ማታ ማታ የምትነግራቸውን ተረት አቆመች። እውነት ኃጢአት ነው? ሌላው፣ ከመካከላችን አንዷ ሙስሊም ናት፤ ስለ ሥነ ምግባር ከእሷ ጋር መወያየታችን ችግር አለው? ደግሞስ ምን ምን ጥያቄ እያነሣን ብንወያይ ይጠቅመናል? ጾም ላይ ማንበቡስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። እውነቱን ልንገርሽና ከሁሉ ያሳዘነኝ የአያትሽ ነገር ነው። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። በዚያ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይቀመጣል? ሲመሽ ግቢው ውኃ ይረጫል፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ከዚያ አያት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ተረት ተረት!» ሲሉ እኛ «የላም በረት!» ብለን እንጮሃለን።

እስቲ እዚች ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ መልሱ ግማሹ እዚህ አለ። ውሸታም ሰው «አሁን ልዋሽ ነው» ብሎ አይጀምርም። አያትሽ ግን «ተረት ተረት» ስትል የምነግራችሁ ተረት ነው ማለቷ ነው፤ ልጆቹም «የላም በረት» ሲሉ ገብቶናል፣ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። ጅብና አህያ ሲነጋገሩ ሰምቶ «በእውነት ተነጋግረዋል» ብሎ የተታለለ ልጅ አላውቅም። የልብ ወለድም ነገር እንዲሁ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ልብ የወለደው። ያልተደበቀ ነገር እንዴት ውሸት ይባላል?

ታዲያ ጳውሎስ ምን ማለቱ ነው? 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 «የአሮጊቶችን ሴቶች ጨዋታ ከሚመስለው ተረት ራቅ» ይላል፤ አዎ። ግን ከፍ ብለሽ ቁጥር 3ን አንብቢ። የሚናገረው መጋባትን ስለሚከለክሉ፣ ከመብልም ራቁ ስለሚሉ ሐሰተኛ አስተማሪዎች ነው። ወሬ ፈጥረው የሃይማኖት ትምህርት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። የዛሬውን አቻውን ከፈለግሽ ስልክሽን ክፈቺ። «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ያልላከ እንዲህ ይደርስበታል» እየተባለ በቅዱሳን ስም የሚዞረውን አይተሽዋል አይደል? የት እንደተደረገ የማይታወቅ ተአምር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ራእይ። ጳውሎስ ራቅ ያለው ተረት እሱ ነው። ይገርመኛል፤ ያንን ሳናጣራ ለመላው ዘመድ እንልክና የአያትን የጅብ ተረት ኃጢአት እንላለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በተረት የተሞላ ነው። መሳፍንት 9ን ተመልከቺ፤ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይሄዳሉ፤ ወይራው፣ በለሱ፣ ወይኑ እምቢ ይላሉ፤ በመጨረሻ እሾሁ እሺ ይላል። ኢዮአታም ይህን የተናገረው ከተራራ ላይ ሆኖ፣ ወንድሞቹን ያስገደለው ሰው በነገሠ ጊዜ ነው። ጌታችንም ቢሆን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሲናገር የአባትየውን ስምና ሰፈር አልነገረንም፤ የጠየቀውም የለም።

የእኛ ሊቃውንትም ይህን ያውቁ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ከየመን የመጡት እጨጌ ዕንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውልናል። አጥኚዎች የታሪኩን መነሻ ሕንድ ድረስ ይወስዱታል። አባቱ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘግቶ ያሳደገው ልዑል አለ፤ አንድ ባሕታዊ የዕንቁ ነጋዴ መስሎ ይገባና በምሳሌ ያስተምረዋል። አንዱን ልንገርሽ። ሰውየው አውሬ ሲያባርረው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል። ሥሩን አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ይቆረጥሙታል፤ ቀንና ሌሊት ናቸው። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ ጠብ ጠብ የምትል ማር አይቶ እሷን እየላሰ ሁሉን ረሳ። ይህን ሰምቶ ማሩ የቱ እንደሆነ ራሱን የማይጠይቅ አለ? እኔ ስልኬ ትዝ ይለኛል።

ሁሉ መጽሐፍ ይነበብ ማለቴ ግን አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን የግሪኮችን መጻሕፍት ለሚማሩ ወጣቶች ሲመክር ንብን ምሰሉ ይላቸዋል፤ ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ያረፈችበትንም ሁሉ ጠራርጋ አትወስድም። መጽሐፉን ዘግተሽ ስትነሺ ምን እንዳማረሽ ራስሽን ታዘቢ። ዝሙትን የሚያጣፍጥ ወይም በቀልን ጀግንነት የሚያስመስል ከሆነ ጣይው፤ ጓደኛ ምን ይለኛል አትበይ።

ወደ ውይይታችሁ ልምጣ። የምወደውን ዘዴ የወሰድኩት ከነቢዩ ናታን ነው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን አስገድሏል። ናታን ሄዶ «ኃጢአተኛ» አላለውም። አንዲት ጠቦት ብቻ ስላለችው ድኻና ያቺኑ ስለቀማው ባለጸጋ ነገረው። ዳዊት ቱግ አለ፦ «ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው!» ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። እንግዲህ «የመጽሐፉ መልእክት ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ አትጀምሩ፤ እሱ የፈተና ጥያቄ ነው፣ ሁሉም የሚያምር መልስ ይሰጥና ይበተናል። «ማን አናደዳችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ «ለምን እሱ?» በሉ። ሦስተኛውን፣ «እኔ ዘንድስ አለ?» የሚለውን፣ እያንዳንዱ በልቡ ይመልስ፤ ጮክ ብሎ ይናገር አትበሉ። ውይይት ንስሐ አይደለም፤ ለዚያ ንስሐ አባት አላችሁ።

የያዛችሁት መጽሐፍ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ስንት ነገር አለው መሰለሽ! ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ናቸው፤ መጽሐፉን በ1958 ሲያሳትሙ ስለ ስእለት የጻፉት ከውስጥ ሆነው ነው። የመጽሐፉ ዋና ሰው የበዛብህ ወላጆች ልጁ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሲያገለግል እንዲኖር ተሳሉ። ስእለቱን የተሳሉት እነሱ፣ የሚከፍለው እሱ። እኛ ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የምንወጣ ሰዎች ነን፤ ጃንጥላና ሻማ ተሸክሞ፣ በስእለት ያገኘውን ልጅ አቅፎ ዳገቱን የሚወጣውን ሕዝብ እናውቃለን። እስቲ ይህን ጠይቁ፦ ሳሙኤልን የተሳለችው ሐናና የበዛብህ ወላጆች ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሐና የሰጠችው ገና ጡት ሲጥል ነው፤ ያም ሆኖ ሳሙኤል አድጎ ወንዶች ልጆች ነበሩት (1ኛ ሳሙኤል 8፥2)። ለማለት የምንቸኩለውን «ይህን ካደረግህልኝ» አስቡት፤ በማን ኪስ ነው የምንሳለው? እኔ እዚህ ላይ አቋም አለኝ፤ ሰው የራሱን ይሳል። ግን ተከራከሩበት።

ስለ ሙስሊሟ ጓደኛችሁ ብዙ አልልም። «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀው ሕግ አዋቂ ጌታ የመለሰው የሳምራዊውን ታሪክ ነግሮ ነው፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበርና። እኛ ድሬ ውስጥ በአንድ ግቢ ያደግን ሰዎች በዚህ መጨነቃችን ይገርመኛል። እምነትሽን ጠንቅቀሽ እወቂ፣ የእሷንም አታቃልዪ። ከእሷ አያት የሰማችውን ተረትም ታምጣላችሁ።

ጾምን በተመለከተ ልጅ ሆኜ የገጠመኝን ልንገርሽ። ሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ የመርማሪ ልብ ወለድ በመዝሙረ ዳዊቴ መሐል ደብቄ አነብ ነበር። አስተማሪያችን ድንገት «ቀጥሎ ያለውን አንብብ» አሉኝ። ደንግጬ ዓይኔ ያረፈበትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ልጅቷ ሽጉጡን አወጣች።» የጉባኤውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጥፋቱ መጽሐፉ አልነበረም፤ ቦታውና ሰዓቱ እንጂ። ጸሎትሽን ካደረስሽ፣ ስግደትሽንም ካላስታጎለብሽ አንብቢ። ዐቢይ ጾም ላይ ልብ ወለዱን አቆይተሽ ገድል ወይም ስንክሳር ብታነቢ ደግሞ እሰየው፤ የነፍስ አባትሽ የሚሉሽን ስሚ።

አሁን ወደ አያትሽ ሂጂ። ይህን ጽሑፍ አታንብቢላት፤ በክርክር የምትመለስ አይመስለኝም። ሲመሽ ሰሌኑን አንጥፊ፣ ልጆቹን ሰብስቢና አንቺው «ተረት ተረት» ብለሽ ጀምሪ፤ አበላሽተሽ ንገሪው። ሲሳሳቱባት ዝም የምትል አያት የለችም፤ ቀምታ ትጨርሰዋለች። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስትል ዳቦው በእጅሽ ይኑር።