«እንደ» ስላለ ብቻ አይደለም፦ ስለ ዘይቤ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ግጥም ከምናነብብ ሰዎች ጋር ሰሞኑን ስለ ዘይቤ ስንጨዋወት ብዙ ጥያቄ መጣ። የቻልኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ «እንደ» ያለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው?

አይደለም። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ይሄ ነው። «እንደ ነገርኩህ አድርግ» ውስጥ ንጽጽር የለም። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ንጽጽር ነው፤ ግን ሰው ከሰው ጋር ተለካ እንጂ ዘይቤ አልሆነም። «ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ» ሲባል ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ጠባይ ተገናኙ። ምንጊዜም «በምን ተመሳሰሉ?» ብለህ ጠይቅ። «አንገቷ ብርሌ» ሲባል የተፈለገው ቅጥነቱና ርዝመቱ ነው፤ ተሰባሪነቱን ማንም አላሰበም። እዚህ ላይ «እንደ» ስለሌለ ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል።

«ሆደ ሰፊ» ስድብ ነው?

ኧረ ምስጋና ነው! ታጋሽ ማለት ነው። ስድቡ «ሆዳም» ነው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የትኛው ዘይቤ ነው?

ተረትና ምሳሌ ነው። አንድ ቃል ሳይሆን ሁኔታው በሙሉ ለሌላ ሁኔታ ቆሟል፤ ሀብት አጠገቡ እያለ የተቸገረ ሰው ይባልበታል። ሰፈራችን ቧንቧ ሲጠፋ ግን ቀጥተኛ ንግግር ይሆናል።

ሰምና ወርቅ ከተለዋጭ ዘይቤ በምን ይለያል?

ጥሩ ጥያቄ። በቅኔ ቤት አነጋገር፣ ሰምና ወርቅ ሁለቱም በግልጽ ይነገራሉ። «የፍቅር እሳት» ብትል ሰሙ እሳት፣ ወርቁ ፍቅር ነው። ስለዚህ ከተለዋጭ ዘይቤ ብዙም አይርቅም። አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ግን ኅብር ይሉታል። እኛ በተለምዶ ሰምና ወርቅ የምንለው አብዛኛው ኅብር ነው። ለምሳሌ ያህል ይቺን ገጠምኩ፦

ጥልቀቱን ሳላውቀው ልቤ ስለወደደ፣
ከሰፈር ከቀዬ አባይ ይዞኝ ሄደ።

ላይ ላዩን ሰውየውን ወንዙ ወሰደው። ውስጡን ስታየው «አባይ» ውሸታም ነው፤ ያታለለው ሰው ነው ከቀዬው ያስወጣው። «ጥልቀቱን» የምትለዋ ቃል ለሁለቱም ታገለግላለች። ኅብር ከአንድ ቃል በላይ ሲደግፈው ነው የሚጥመኝ። አለዚያ ቀልድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ፊትሽ እንደ ጨረቃ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰለቸን አሉኝ። ምን ላድርግ?

እውነታቸውን ነው። ጨረቃን ተዋት፤ ዓይንህ የሚያውቀውን ያዝ። የደንገል ታንኳ ጣና ላይ ስትውል ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ለዚህ ነው አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቋት። ቂም ይዞ የሚውል ሰው አታውቅም? «እንደ» ሳትል ጻፈውና አምጣልኝ።