ኤአይ፣ ሥዕልና ቅኝት፦ ጥያቄና መልስ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ሠዓሊዎች፣ ዲዛይነሮችና ሙዚቀኞች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንደ አመጣጣቸው ተመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ስሞክር የእኛን የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር ይወጣል። ምኑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ዓይኑን እይ። በነባሩ አሣሣላችን ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ማሽኑ የለቀመው ደማቁን ቀለም እንጂ ሕጉን አይደለም፤ ቅዱሱን በጎን፣ ሰይጣኑን ፊት ለፊት ቢያወጣልህ አይድነቅህ። ፕሮምፕት (የጽሑፍ ትእዛዙን) በማርዘም አይስተካከልም። ንድፉን ራስህ በእርሳስ ሥራ፣ ስካን አድርግ፣ ወደ 1024 ፒክስል ገደማ አሳንሰው፤ ኤስዲኤክስኤል የተባለው ምስል አውጪ ሞዴል የሠለጠነው በዚያ መጠን ነው። መስመሩን በኮንትሮልኔት (ማሽኑ ንድፍህን እንዲከተል በሚያስገድደው ተጨማሪ) ያዘው። የለውጥ መጠኑን (ማሽኑ ያስገባኸውን ምን ያህል እንዲቀይር የሚወስነውን፣ ከ0 እስከ 1) ከ0.4 ጀምር፦ ከ0.3 በታች ቀለም ከመነካካት ብዙ አያልፍም፣ ከ0.7 በላይ የቀባኸውን ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ወጥመድ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ እርሳስ ብቻ ካስገባህ የሚመለስልህ የገረጣ ነገር ነው፤ በ0.4 ነጩን እንደ ቀለም ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን ቀድመህ በደምሳሳው ቀባ። የወደድከው ሲወጣ የሲድ ቁጥሩን (ማሽኑ ያንን ምስል የጀመረበትን ቁጥር) ከነቅንብሩ መዝግብ።

ጥያቄ፦ ለቴአትር ፖስተር አማርኛ ሳስጽፈው ፊደል መሳይ ጭረት ያወጣል።

መልስ፦ አታስጽፊው፣ እህቴ። ፊደሉን የሚያየው እንደ ቅርጽ ነው፤ «ጠ»ን ከ«ጨ» ያዳቅልብሻል። የላይኛውን ሲሶ ባዶ እንዲተወው አድርጊና ጽሑፉን በኢንክስኬፕ (በንድፍ ሶፍትዌር) ጨምሪ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክሽ በፊት ወደ ቅርጽ ቀይሪው፤ እነሱ ጋ ፎንቱ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታተማል። 832 በ1216 ያወጣሽውን አራት እጥፍ ስታሳድጊው 3328 በ4864 ይሆናል፤ ለኤ3 በ285 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ገደማ ነው፣ ይበቃል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ግን በሲኤምዋይኬ (በማተሚያው አራት ቀለም) ይደበዝዛል፤ ናሙና ሳታዪ መቶ ቅጂ አታዢ።

ጥያቄ፦ በራሴ ሥዕሎች ሎራ (ሞዴሉን የእኔን አሣሣል የሚያስተምር ትንሽ ጭማሪ) ላሠለጥን ነው። ስንት ፎቶ?

መልስ፦ ከ20 እስከ 30። ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ አንሣ፤ ፍሬሙንና ግድግዳውን ቁረጥ፣ አለዚያ ፍሬም መሣል ይማራል። ሥልጠናው ከበዛ ያንኑ ሥዕል መልሶ ይተፋልሃል፤ ስለዚህ የደረሰበትን በየዙሩ አስቀምጥና አወዳድር። መብራት ሲሄድም ከዜሮ አትጀምርም።

ጥያቄ፦ ትዝታ አውጣልኝ ስለው ለምንድነው የፈረንጅ ዘፈን የሚመስለው?

መልስ፦ ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ እነዚያው አምስት ድምፆች በቻይናም በስኮትላንድም አሉ። ኖታውን ያገኛል፣ ጣዕሙን ይስታል። አንቺ ሆዬ ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። ከሥሩ የምዕራብ ኮርድ ሲደረብበት ቅኝቱ ይፈርሳል። ነጠላ ዜማ ብቻ በሚዲ (ድምፁን ሳይሆን ኖታውን በሚይዝ ፋይል) አስወጣ፣ ከአምስቱ ውጭ ያለውን ሰርዝ፣ ከዚያ ለማሲንቆ ተጫዋች ስጠው። ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተቱ ከጣቱ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ በአፈወርቅ ተክሌ ወይም በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች ማሠልጠን ይቻላል?

መልስ፦ ፈቃድ ጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው በ1981፣ አፈወርቅ በ2012 ነው፣ ሁለቱም እንደ ፈረንጆቹ። የአፍሪካ አዳራሹ የአፈወርቅ ባለቀለም መስታወት ሁሉም ፎቶ ስላነሣው የሁሉም አልሆነም። ለራስህም ሥራ ቢሆን አመንጪ የሚባለው ሰው ነውና ንድፉን፣ ስካኑንና እርማቱን ከነቀኑ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የትናንት ነገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሃሮልድ ኮኸን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ ሞተበት 2016 (እንደ ፈረንጆቹ) ድረስ «አሮን» የተባለ ሥዕል የሚሥል ፕሮግራም ገንብቷል፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን በእጁ ቀብቷል። ልዩነቱ ደንቡን እሱ ራሱ በኮድ መጻፉ ነው፤ የዛሬዎቹ ከምስል ክምር ይገምቱታል። ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ ካለህ የዓይኑን ሕግ ስጠው፦ ጻድቅ ከሆነ ሁለት፣ ካልሆነ አንድ።