ወባው ለቀቀው፣ ደሙ ግን አልተመለሰም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከመተማ አካባቢ ነው። የ4 አመት ልጄን ከወር በፊት ወባ ይዞት ጤና ጣቢያ መድሀኒት ተሰጥቶት ትኩሳቱ ጠፍቷል። ግን ፊቱ ገርጥቷል፣ ትንሽ ሮጦ ገብቶ ይተኛል፣ አሁን ደሞ የጭቃውን ግድግዳ እየፋቀ መብላት ጀምሯል። ጎረቤቶቼ አይረን ግዢለት ይሉኛል። ወባው ከለቀቀው ደሙ ለምን አይመለስም?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባና በየ48 ሰአቱ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል፣ ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ግን ዋናው ጉዳት እሱ ብቻ አይደለም፣ ጣፊያ ወባው ያልነካቸውን ጤነኛ ሴሎች ጭምር እየለቀመ ያጠፋል (የወባ ልጅ ሆዱ በግራ በኩል የሚያብጠው ለዛ ነው)፣ መቅኒውም አዲስ ደም መስራት ይቀንሳል፣ ሰውነት ያለውን አይረን (ደም የሚሰራበትን ብረት) ራሱ ቆልፎ ይይዘዋል። ስለዚ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም ደም ለመተካት ሳምንታት ይፈጃል።

ከወር በኋላም ከገረጣ ግን ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ይነሳል፣ በተነሳ ቁጥር ደም ይወስዳል። ፕሪማኩን (ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ወባ የሚያጠፋው መድሀኒት) ተሰጥቶት ከነበረና ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ ከነበረ ንገሪያቸው፣ አንዳንድ ልጆች በተፈጥሯቸው መድሀኒቱ ደማቸውን ያፈርሰዋል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ከሆነ ደሞ መንጠቆ ትል አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደሙን እየመጠጠው ሊሆን ይችላል። ግድግዳ መፋቁን እንደ ባለጌነት አትቁጠሪበት እባክሽ፣ አይረን ያነሰው ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

አይረኑን ሳይመረመር እራስሽ ገዝተሽ አትስጪው፣ ወባው ደሙ ውስጥ ካለ መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት)፣ ሰገራ፣ ደሙም በማይክሮስኮፕ ይታይለት በያቸው፣ ምክንያቱም ራፒድ ቴስቱ (ወዲያው ውጤት የሚሰጠው የወባ ምርመራ) ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ አይነት ከዳነም በኋላ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ከምግብ ጋር ሻይ አትስጪው፣ አይረኑን ያስቀርበታል።

አሁኑኑ መዳፉን ከመዳፍሽ ጎን አድርገሽ በብርሀን እዪው። ወረቀት የመሰለ ነጭ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መቀመጥ ካቃተው ነገ አትበዪ፣ ሄሞግሎቢኑ ከ5 በታች ከወረደ ደም ሊያስፈልገው ስለሚችል ደም ወደሚሰጥ ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰጂው፣ የወሰደውን መድሀኒት ባዶ ማሸጊያም ይዘሽ ሂጂ።