ባቡር በለቀቀው መንገድ በብስክሌት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሰሞኑን ከምትልኩልን ጥያቄ የሚበዛው ስለ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ነው። ከከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል የሚዘልቅ መንገድ ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በደቀቀ የኖራ ድንጋይ ተደልድሏል፤ መኪና አይገባበትም፤ የመግቢያ ክፍያም የለውም። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 48 ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በሦስት ቀን ልንጨርሰው አስበናል። አንዱ ጓደኛችን «ባቡር የወጣው አቀበት ምን አቀበት ነው» እያለ ያደፋፍረናል። እውነቱን ነው? ከየትኛው ጫፍ ብንነሳ ይሻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሹን ልክ ናቸው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ስለሚንሸራተት የባቡር መሐንዲሶች ተዳፋቱን ከ2 በመቶ በታች ለማድረግ ተራራ ይበሳሉ፣ ገደል ይሞላሉ። እዚህም ከከምበርላንድ ተነስቶ ወደ አትላንቲክና ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚወርደውን ውኃ እስከሚለየው የተራራ ጫፍ ድረስ ያለው አቀበት በአማካይ 1.4 በመቶ ብቻ ነው። የሚያደክመው ርዝመቱ ነው። 23.7 ማይል ሙሉ፣ ከ625 ጫማ ወደ 2,392 ጫማ፣ እግር የሚያሳርፍ ቁልቁለት ሳይኖር ይወጣል። እርስዎ፣ ብስክሌቱና ጓዙ 90 ኪሎ ብትሆኑ ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ 1.3 ኪሎ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሦስት ሰዓት ሳይለቅ ይጎትታል። በዓይን ስለማይታይ ደግሞ ብዙ ሰው ፍሬኑ የያዘ እየመሰለው ወርዶ ጎማውን በእጁ ያሽከረክራል። ፍሬኑ ምንም አልሆነም፤ መንገዱ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት በሜዳ የለመዱትን ፍጥነት አይፈልጉ። በሰዓት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ማርሽ ይቀንሱ። ፍሮስትበርግ 16ኛው ማይል አካባቢ ናት፤ ጠርሙሳችሁን እዚያ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማየርስዴል 16 ማይል ያህል ከተማ የለም። ከመንገዱ ወደ ፍሮስትበርግ ከተማ የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ባቡር የሠራው አይደለም፤ ከቀኑ አቀበት ሁሉ የሚብሰው እሱ ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ የእኛ ምርጫ ከከምበርላንድ መነሳት ነው። አቀበቱ በመጀመሪያው ቀን፣ እግር ትኩስ ሳለ ያልቃል፤ ከዚያ ፒትስበርግ ድረስ ያለው 126 ማይል ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፒትስበርግ የሚነሳ በተቃራኒው ያን 126 ማይል ሳይታወቀው ሲወጣ ይከርምና መጨረሻ ላይ ይንደረደራል፤ እሱም ደስታ አለው። የሦስት ቀን ክፍፍሉ ይህን ይመስላል፦ መጀመሪያ ቀን እስከ ሮክዉድ 43 ማይል፣ ሁለተኛ ቀን ኮንፍሉዌንስንና ኦሃዮፓይልን አልፎ እስከ ኮኔልስቪል 46፣ ሦስተኛ ቀን 61። የመጨረሻው ቀን ረጅም ቢሆንም ማክኪስፖርት አካባቢ ሲደርሱ አስፋልት ይጀምራል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከከምበርላንድ እስከ ተራራው ጫፍ ደርሶ ይመለስ፤ ደርሶ መልስ 47 ማይል ነው፤ መመለሻው ፔዳል እምብዛም አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ብስክሌት መሸጫ ያለው ልጅ ጎማዬን 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶ ሰጠኝ። ጎማዬ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ጠጠሩ ላይ ፊተኛው ጎማ ይሸሸኛል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ሲበዛ ሞልቶልዎታል። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ከዚያ በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ነው፤ ይህን ያህል ይሞላ የሚል አይደለም። የደነደነ ጎማ ጠጠሩን አቅፎ በማለፍ ፈንታ እየነጠረ ያልፋል፤ በነጠረ ቁጥር መሬት ይለቃል፣ መሪው ይሸሻል፣ የሚያራምድዎት ጉልበትም ወደ ላይ ይባክናል።

ከነጓዙ 95 ኪሎ ለሆነ ሰው፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ካላማዳሪያ ካለው ከኋላ 40 እስከ 43፣ ከፊት 36 እስከ 38 ፒኤስአይ ይሙሉ። ቲዩብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ከሆነ ከሁለቱም 5 ያህል ይቀንሱ። ክብደትዎ በ10 ኪሎ ባነሰ ወይም በበለጠ ቁጥር 3 ያህል ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ። ትክክል መሆኑን ለማየት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሰው ከጎን ይመልከትልዎ፦ ጎማው መሬት ላይ ጥቂት ሆድ ማውጣት አለበት፤ ግን ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው «ቋ» ካለ አንሷል ማለት ነው። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ሲያንስ ድንጋዩና ቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካዩ እሾህ አይፈልጉ፤ አየር ይጨምሩ።

አንድ አደገኛ ነገር እንጨምር። የአንዳንድ አዳዲስ ቸርኬዎች ከንፈር ጎማውን የሚይዝ ቆልማማ ጠርዝ የለውም። እነዚህ ቢበዛ 72.5 ፒኤስአይ (5 ባር) ነው የሚችሉት፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው የሚፈቀድላቸው። የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ 80 ሞልቶ መንዳት ጎማው ከቸርኬው ወልቆ እንዲጥልዎ መጋበዝ ነው። ዛሬውኑ ያስተንፍሱት።

ቲዩብለስ ለሚጠቀሙ፦ ለዚህ ስፋት በያንዳንዱ ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር የማሸጊያ ፈሳሽ ይበቃል፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርቃል። ጎማውን አውልቀው ሲነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ደርቋል። ፈሳሹ ሁሉን ቀዳዳ አይደፍንም፤ መሰኪያ ጎማና አንድ ካላማዳሪያ መያዝ አይቀርም።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ቀን ሰንሰለቴ እንደ ወፍጮ መጮኽ ጀመረ። በየማረፊያው ዘይት ባጠጣውም ባሰበት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ዲስክ ፍሬኑም መፋጨት ጀመረ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ያባሰው ዘይቱ ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ደቃቅ ነው፤ ከወፍራም ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ይሆናል፣ ሊጡም ብረት ይሞርዳል። በደረቅ ወቅት እንዲህ ላለ መንገድ የሚሆነው ቀጭን፣ ለደረቅ አየር የተዘጋጀ ቅባት ወይም በጠብታ የሚሰጥ ሰም ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ማታ ማረፊያ እንደደረሱ፣ ዘይት ከማሰብዎ በፊት፣ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ። ሰንሰለቱን በጨርቅ ጨብጠው ፔዳሉን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ወደ ኋላ ያዙሩ፤ ጨርቁን እያገላበጡ፣ ጥቁሩ እስኪቀንስ። ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ። ከ110 በላይ መጋጠሚያ ስላለ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ይታገሡ። ጥቂት አዙረው እንዲገባ ካደረጉ በኋላ ውጪውን ይጥረጉ። ቅባቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ መሰብሰቢያ ነው። ሰም ከሆነ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ቀብተው ወዲያው ቢነሱ ሳይደርቅ ይረግፋል። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ግን አይንኩ፦ የነበረውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፣ ነፋሱም ወደ ፍሬኑ ዲስክ ያደርሰዋል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይድንም።

ዝናቡ ሲመጣ ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ በዲስኩና በሸራው መሀል ይገባል። ከመጠጫ ጠርሙስዎ ውኃ እያፈሰሱ ማጠብ ይበቃል፤ በግፊት የሚረጭ ቱቦ በጎማው እምብርትና በፔዳሉ መዞሪያ በኩል ግሪሱን አጥቦ አሸዋ ያስገባል። የሸራውን ውፍረት ከመነሳትዎ በፊት ይመልከቱ፦ ከብረት ጀርባው በስተቀር 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል። ለስላሳው ዓይነት በአንድ ጭቃማ ቀን ሊያልቅ ስለሚችል አንድ ጥንድ መለዋወጫ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከ30 ማይል በኋላ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ከተማ ውስጥ ስነዳ አይደርስብኝም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከተማ ውስጥ መብራት ያስቆምዎታል፣ ጉብታ ያስነሳዎታል። ሐዲድ የነበረ መንገድ ግን ቀጥ ብሎ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰውነት ሳያውቀው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ መዳፍዎ ውጪኛ ጠርዝ ላይ ያለው ነርቭ ይታሻል። የመቀመጫ ቁስልም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በየአሥር ደቂቃው ተነስተው 20 ፔዳል ቆመው ይምቱ፤ የእጅዎን ቦታ በየአምስት ደቂቃው ይቀይሩ። ከዚያ ኮርቻውን ይዩ፦ አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ክብደትዎን ሁሉ ወደ እጅ ይገፋዋል፤ ሜዳ ያድርጉት። አየሩን ከላይ እንዳልነው መቀነስና መሪው ላይ ሁለተኛ መጠቅለያ መደረብም ይረዳል። ከጉዞው በኋላ ቀናት አልፈው ድንዛዜው ካልለቀቀ ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። ሱቅ ያለው ኢነርጂ ባር (ለመንገድ የሚበላው ጣፋጭ) ሁሉ ወተት አለበት። ምን ይዘን እንውጣ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ቤታችሁ ያለው ከሱቁ ይሻላል። 60 ግራም በሶ በአንድ ሾርባ ማንኪያ ማርና በጥቂት ውኃ ታሽቶ እንደ ጭብጦ ቢድቦለቦል 60 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ ምግብ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰዓት ጉዞ በቂ ነው። ገለባው ስላለበት ቀኑን ሙሉ በሶ ብቻ ሆድ ይነፋል፤ በተምርና በሙዝ አፈራርቁት። ቆሎ ቆማችሁ ብቻ ብሉ፤ እየነዱና እያለከለኩ ቆሎ መቃም ለትንታ ነው። በነሐሴ ሙቀት በአንድ ሊትር ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን አቀበቱን በባዶ ሆድ አትሞክሩት። ወይ ቁልቁል ያለውን ክፍል በአጭር በአጭሩ ቆርጣችሁ ሂዱ፣ ወይ ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት።

ጥያቄ፦ መኪና ከምበርላንድ ትተን ፒትስበርግ ከደረስን በኋላ እንዴት እንመለስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በአምትራክ፣ በአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር። ዋሽንግተንን፣ ከምበርላንድን፣ ኮኔልስቪልንና ፒትስበርግን የሚያገናኝ ባቡር አለ። ለብስክሌቱ ቦታ ከቲኬቱ ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። ከፒትስበርግ የሚነሳው ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ አዳራችሁን ጣቢያው አጠገብ አድርጉ፤ ቦርሳዎቹንም ከብስክሌቱ ቀድማችሁ አውርዱ።

ጥያቄ፦ በኅዳር መጨረሻ መሄድ ይቻላል? ዋሻ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ቢግ ሳቬጅ ይባላል፤ 3,294 ጫማ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ እየሆነ ግንቡን እንዳይሰነጥቅ በክረምት ወራት በሮቹ ይዘጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ አይከፈቱም። መዞሪያው በመኪና መንገድ ተራራ መውጣት ስለሆነ በኅዳር መጨረሻ ከመነሳትዎ በፊት መዘጋቱን ያረጋግጡ። ሲከፈትም በሐምሌ እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ላብ በነካው ልብስ ላይ ጃኬት ይደርቡ። መብራት አለው። ከፍሮስትበርግ በላይ ያለው ቦርደን ዋሻ ግን አጭር ቢሆንም መብራት የለውም፤ የፊት መብራት ግድ ነው፤ ጥቁር መነጽርዎንም ከመግባትዎ በፊት ያውልቁ።

ጥያቄ፦ የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመርስ እንዲህ ቢደረግ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ሐሳቡ ያምራል። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰበት፣ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ መስመር ነው። ነገር ግን ሐዲድ ዝም ስላለ ብቻ መንገድ አይሆንም። ሐዲዱና ተጋዳሚው ይነሳል፤ ሥሩ ያለው የቡጢ ያህል ድንጋይ ብስክሌት ስለሚያናጋ ይደለደላል፤ በላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የደቀቀ ድንጋይ ተነጥፎ በሮለር ይዳመጣል፤ የውኃ መውረጃው ይጠረጋል፤ በተጋዳሚዎቹ መሀል ቁልቁል የሚያሳየው የብረት ድልድይ ወለልና መከላከያ ይሠራለታል። ከሁሉ በፊት ግን መሬቱ ሳይቆራረጥ በአንድ እጅ መቆየት አለበት። አሜሪካኖቹ በ1983 ባወጡት ሕግ ባቡር ያቆመበትን መስመር እንዳለ ይዞ ለእግረኛና ለብስክሌት ማዋል ፈቀዱ። አሌጌኒም የመጀመሪያዋ ቁራጭ በ1986 ኦሃዮፓይል አጠገብ ተከፍታ መስመሩ ሙሉ በሙሉ የተገናኘው በ2013 ነው።